ጤዛው እስኪደርቅ

ከጎንደር ወጥቶ አዘዞን ካለፈ በኋላ የመተማን መንገድ የያዘ ሰው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አይከል ይደርሳል። አይከል የጭልጋ ከተማ ናት፤ የደጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቆላውን ታያለች። ከእሷ ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወርዶ፣ ነጋዴ ባሕርንና ገንዳ ውኃን አልፎ፣ ሱዳን ጠረፍ ላይ ያበቃል። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ጭልጋ ከስናር የሚመጣው ነጋዴ የሚገባባት በር ነበረች። ዛሬም ሰሊጥ የጫነ መኪና ዳገቱን ጨርሶ ሲወጣ እዚህ ቆም ይላል፤ ሞተሩ ይቀዘቅዛል፣ ሹፌሩ ሻይ ይጠጣል፣ ጎማው ከቆላ ያመጣውን አፈር ለከተማዋ ትቶላት ይሄዳል። በበጋ ወራት አቧራ ያላረፈበት ነገር አይገኝም። የሱቁ መደርደሪያ፣ የባሕር ዛፉ ቅጠል፣ የመንገደኛው ቅንድብ ሁሉ አንድ መልክ ይይዛል።

በዚህች ከተማ አንድ ሹፌር ነበር። ነገሩ ምሳሌ ነውና ስም አላወጣለትም። ከረዳትነት የጀመረ ሰው ነው፤ የሰው መኪና ላይ ተንጠልጥሎ፣ የሰው ጭነት አስሮ፣ ሌሊት ከጎማ ሥር ተኝቶ ያደገ። ብዙ ዓመት ቆጥቦ፣ ዕቁብ ደርሶት፣ በመጨረሻ የራሱን መኪና ገዛ። አሮጌ ነበረች፤ ሞተሯ ግን ጤነኛ ነው። ጎንደር ወሰዳት። ባትላሜራው የጎደጎደውን አቀናላት፣ ቀሪውን በስቱኮ ሞላላት፤ ከዚያ አንድ ሽማግሌ ቀለም ቀቢ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ቀቡለት። አይከል ስትገባ የሰፈሩ ሴቶች ኮፈኑ ላይ ጎንበስ ብለው ሻሻቸውን አስተካከሉባት። መስታወት ነበረች።

ሹፌሩ መኪናውን ይወዳት ነበር። ይህን ከወዲሁ መናገር አለብኝ፤ የሚከተለው ሁሉ ከጭካኔ ወይም ከግዴለሽነት የመጣ የሚመስለው አንባቢ እንዳይኖር። ከፍቅር የመጣ ነው። ነገሩን እንድጽፈው ያደረገኝም ይኸው ነው።

በየማለዳው ገና ጎህ ሲቀድ ይነሳል። አሮጌ ጋቢ ለሁለት ቀዶ፣ ግማሹን አራት ጊዜ አጥፎ፣ መኪናዋን ይወለውላታል። የአይከል ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ጤዛ ኮፈኑ ላይ እንደ ላብ ችፍ ይላል። ያ ጤዛ ከትናንቱ አቧራ ጋር ተላቁጦ ቀጭን ጭቃ ይሆናል። እሱ ግን ጤዛው ሥራውን የሚያቀልለት እየመሰለው በጋቢው ዙሪያውን እያሽከረከረ፣ ክንዱን ተጭኖ፣ ብብቱ እስኪያልበው ያሸዋል። ሲጨርስ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ያያታል። ታበራለች። ደስ ብሎት ቁርሱን ይበላል።

አንድ ልጅ ነበረው፤ የ14 ዓመት፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ። ልጁ ዝምተኛ ነው፣ ነገር ይረሳል፣ ሲሄድ ይደናቀፋል፣ ውጤቱም ከዓመት ዓመት እየወረደ መጥቷል። አባት ልጁንም መኪናዋን በሚወድበት መንገድ ይወደው ነበር። አንድ ጉድፍ ካየበት አያሳድርም። ደብተሩ ላይ የቀይ እስክሪብቶ ምልክት፣ የሸሚዙ ቁልፍ አለመኖር፣ የተደፋ ውኃ፣ ሁሉን እዚያው ባየበት ቦታና ሰዓት ይፈትገዋል። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ቢሰበሰብም አይተውም፤ እንዲያውም ሰው ፊት የተነገረ ነገር ልብ ውስጥ ይገባል ብሎ ያምን ነበር። እናት ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ፣ ጀበናውን እያዘነበለች፣ “ኧረ ሰው ሲሄድ ይሁን” ትላለች። “ሰው እንዲሆን ብዬ እኮ ነው” ይላታል። እውነቱን ነበር።

የጥምቀት ማግስት ነው። ከታቦቱ ሽኝት ተመልሶ መኪናዋን ፀሐይ ላይ አቆማት። ብርሃኑ ከጎን ሲመታት ልቡ ደነገጠ። ኮፈኑ ላይ የሸረሪት ድር አለ። በእጁ ቢዳስሰው ድር አይደለም፤ እልፍ ጭረት ነው፣ ክብ ክብ እየሠራ እርስ በርሱ የተቆላለፈ። ሰማያዊው ቀለም አመድ መስሏል። ጭረቱን ማን አመጣው? የሰፈር ልጆችን ጠረጠረ፤ ዶሮዎቹን ጠረጠረ። በመጨረሻ የልጁ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ዘለበቱ ብረት የሆነው፣ ትዝ አለው። ልጁ ከአንዴም ሁለቴ መኪናዋን ሲነካ አይቶታል፤ በሩ ላይ ትከሻውን ሲመታም አይቶታል።

ያን ዕለት የጥምቀት እንግዳ ቤቱን ሞልቶት ነበር። አባት የተናገረውን እዚህ አልደግመውም። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ሲመሽ ፍራሹን ሳያነጥፍ ወጣና ወደ ታች ሰፈር፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ወደሚኖሩት ወደ አያቱ እህት ወደ እማሆይ ቤት ሄደ። እናቱ አውቃ ዝም አለች።

እማሆይ ጧፍ ይሠራሉ። የጠጅ ቤት ሰፈፍ ሰብስበው በውኃ ያፈሉታል፣ በጨርቅ ያጠሉታል፤ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከላይ ጋግሮ ይቀራል። ጥጡን ራሳቸው ፈትለው ክሩን ደራርበው በቀለጠው ሰም ያሳልፉታል፤ ከዚያ ጣውላ ላይ በመዳፋቸው እያንከባለሉ ያለሰልሱታል። የሚያነዱት ጧፍ ሁሉ በእጃቸው ያለፈ ነው። ልጁን ምን ሆነህ ነው አላሉትም። ልቃቂት ሰጡትና፣ “ና ልጄ፣ ድውሩን ያዝልኝ” አሉት።

በሦስተኛው ቀን ይሁን በአራተኛው፣ ልጁ ሁለት ጭብጥ ክር ከእጁ አመለጠውና ምድጃው አጠገብ ወደቀ። አንዱ ነጩ፣ ገና ሰም ያልነካው ነው። ሁለተኛው ሰም የቀመሰ ነው። ልጁ ደንግጦ ሁለቱንም አንስቶ በእጁ ሊያራግፋቸው ሲል እማሆይ አስቆሙት። “ቀስ። መጀመሪያ ነጩን ንፋ።” ነፋው፤ አመዱ ቦነነና መልሶ እግሩ ላይ አረፈ። “አሁን ያኛውን።” ሰም የነካውን ቢነፋ አመዱ ንቅንቅ አላለም። ልጁ ክሩን ወደ ዓይኑ በጣም አስጠግቶ አየው። አመዱ ክሩ ላይ እንደ ታዘለ ሕፃን ተለጥፏል።

“ነጩ ክር አቧራ ያንከራትታል” አሉት እማሆይ። “ሰም ያለው ይሸከማል። ንብ ሞኝ አይደለችም፤ ቤቷን በምን እንደምትሠራ ታውቃለች። ድርቡሽ በመተማ በኩል መጥቶ ጎንደርን ያቃጠለ ጊዜ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ከእሳት ያዳናት የንብ መንጋ ነው ሲባል አልሰማህም?” ይህ በ1880 የሆነ ነው፤ የንቡ ነገር እስከ ዛሬ በጎንደር ሽማግሌ አፍ አለ። ልጁ ክሩን ይዞ ዝም አለ። እማሆይ ግን አንድ ነገር ልብ ብለዋል፦ ይህ ልጅ ክር በመርፌ ሲያስገባ የሚያየው በጣቱ ነው።

አባት በዚያው ሳምንት ጎንደር ወረደ። ሽማግሌው ቀለም ቀቢ ኮፈኑን ከፊት አላዩትም፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ከጎን ነው ያዩት። ብዙ ዝም አሉ።

“በምንድን ነው የምትወለውላት?”

“በጋቢ፣ ጌታዬ። በየማለዳው። አንድም ቀን አላሳለፍኩም።”

“ጤዛ እያለ?”

“ጤዛ እያለ።”

ሽማግሌው ከማዕዘን አንድ የመስታወት ስባሪ አነሱ። ከመኪናዋ ፓራውልት ሥር ጣታቸውን ሰደው ጭብጥ አቧራ አመጡና መስታወቱ ላይ በተኑት፤ በጨርቅ ሸፈን አድርገው አውራ ጣታቸውን ተጭነው ሁለት ጊዜ አዞሩት። ከዚያ በውኃ አጠቡትና ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አሳዩት። መስታወቱ ተጭሯል።

“ይህ መስታወት ነው፤ የእኔ ቀለም ከመስታወት በብዙ ይለሰልሳል” አሉ። “አቧራው ሞረድ ነው ልጄ። ጨርቁ የሞረዱ እጀታ ነው። የጫነው ደግሞ የማን ክንድ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።”

ሽማግሌው በመጽሐፍ አልተማሩትም እንጂ ሳይንሱ ያለው ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1812 ፍሬድሪክ ሞስ የተባለ ጀርመናዊ ማዕድናትን በጥንካሬያቸው ከ1 እስከ 10 ደረጃ አውጥቶላቸዋል፤ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ይጭረዋል። በዚያ መለኪያ የሰው ጥፍር 2.5 ገደማ ነው፣ መስታወት 5.5 ገደማ፣ አሸዋ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ 7። አቧራ ስንል ቀላል ነገር ይመስለናል፣ ነፋስ ስለሚያነሳው። ድንጋይ ነው፤ የደቀቀ ድንጋይ። የጭልጋን አፈር ያየ ደግሞ ይህን በደንብ ይረዳዋል፤ ከ27 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖሩ የዝሆን ቅድመ ዘመዶች አጥንት የተገኘው በዚሁ ምድር፣ የእሳተ ገሞራ አመድ በተደባለቀበት ደለል ውስጥ ነው። ማለዳ ማለዳ በዚያ ጋቢ ሥር ይፈጭ የነበረው ይህ ነው። የሚፈጭበትስ? ዛሬ በመኪና ቀለም ላይ የሚደረበው ጥርት ያለ ሽፋን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ 40 ወይም 50 እጅ ቢሆን ነው። ከሰው ጠጉር ይቀጥናል።

አባት ላቡ መጣ። “እና ልጁ አይደለም?” አለ። ሽማግሌው የትኛው ልጅ እንደሆነ አላወቁም።

ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለ ብዙ ነገር ነበር፤ እያወረዱ አሳዩት። ስፖንጁን፦ “ውኃ ሲኖረው ደግ ነው፤ ደረቅ ሲሆን ፊቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ አሸዋውን ፊቱ ላይ ይዞ ይጎትተዋል።” የላባውን ማራገፊያ፦ “ሲገዙት ለስላሳ ነው፤ ላባው ሲሰበር ግን አንገቱ ራቁቱን ይቀርና እንደ መርፌ ይጭራል።” የፈረስ ጭራውን፣ የአባታቸው የነበረውን፦ “ይህ ዝንብ ሊያባርር የተሠራ ነው። አቧራውንም ያባርረዋል፣ አይወስደውም፤ ዞሮ እዚያው ያርፋል።” አሁን አሁን በየሱቁ የሚሸጠውን ለስላሳ ጨርቅ፣ ማይክሮፋይበር የሚሉትን፦ “ይህ ጥሩ ነው፤ ክሩ እጅግ የቀጠነ ስለሆነ አቧራውን ወደ ውስጡ ይስበዋል። ግን ደረቁን ተጭነህ ካሸኸው ከጋቢህ አይሻልም። የሚያንሸራትት ነገር ትነፋበታለህ፤ ሲቆሽሽ ትገለብጠዋለህ።” በመጨረሻ ከላስቲክ ውስጥ አንድ ቀይ ነገር አወጡ። ብዙ የጥጥ ክር እንደ ቁንዳላ ተንጠልጥሎበታል፣ እጀታው እንጨት ነው። “ይህ ክር ሰም ጠጥቷል” አሉት። “ፓራፊን የሚባለው፣ ከነዳጅ የሚወጣው ሰም። ለቀላል አቧራ ከዚህ የሚሻል አላየሁም። ጭቃ ከሆነ ግን አትሞክረው፤ ጭቃ የሚፈልገው ውኃ ነው፣ ብዙ ውኃ፣ ከላይ ወደ ታች።”

“የተጨረውስ?” አለ አባት። “በፖሊሽ አይጠፋም?”

“ይጠፋል። ግን ፖሊሽ ጭረቱን ሞልቶት እንዳይመስልህ። ጤነኛውን ቀለም ፍቆ ፍቆ እስከ ጭረቱ ወለል ያወርደዋል። ሽፋኑ ያን ያህል የሚፋቅ ነገር የለውም፤ አንድ ጊዜ ይችላል፣ ምናልባት ሁለት። እጅህ ሳይለወጥ ዛሬ ብፍቅልህ ለከርሞ ይህንኑ ይዘህ ትመጣለህ።” ከዚያ ሽማግሌው ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አቅጣጫ በአገጫቸው አመለከቱ። “እዚያ ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች አይተሃቸዋል? ጣሪያው ዝቅ ያለ ቢሆን ኖሮ ስንት ምእመን እየሳመ፣ በነጠላው እየጠረገ፣ በፍቅር ዓይናቸውን ባጠፋው።”

አባት ማራገፊያውን ገዝቶ ተመለሰ። እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ዕቃ ስለ መግዛት የተነገረ ወሬ ይሆን ነበር። አላበቃም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወጣ፤ ጤዛው ችፍ ብሏል፤ አዲሱን ማራገፊያ በሁለት እጁ ያዘና ጋቢውን በያዘበት ጉልበት ኮፈኑ ላይ ተጭኖ አሸው። ክሩ ከጤዛው ጋር ተላቆጠ። ሰሙ መኪናዋ ላይ ረጅም ረጅም ነጭ መስመር ጣለ። እንደገና ተጫነው፤ መስመሩ ሰፋ። ማራገፊያውን መሬት ወረወረው። ወዲያው አነሳው፤ ክሩ ላይ ጠጠር ተሰክቷል። ያን ጊዜ ነው በደጁ ላይ ቆሞ ያለቀሰው። ማንም አላየውም፤ ሚስቱ በመስኮት ካላየችው በቀር።

ሰም የሚያውቅ ሰው አይከል ውስጥ ማን አለ? እሱም አውቆታል፤ እግሩ ግን ወደ ታች ሰፈር ሲወርድ ከበደው።

እማሆይ ማራገፊያውን ተቀብለው አሸተቱት። “የንብ አይደለም። ቢሆንም ሰም ነው” አሉና ጭራሽ ወደ እሱ ሳይመልሱት ለልጁ ዘርግተው ሰጡት። ልጁ ክሩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ጠጠሩን በጥፍሩ አንድ በአንድ ለቀመው። እርሻ ውስጥ ያለ ሰው እንክርዳድ እንደሚለቅም በዝግታ ይለቅማል። አባት ቆሞ ያያል። ከጥምቀት ማግስት ወዲህ የልጁን ድምፅ አልሰማም።

“አዲስ ሲሆን ሰሙ ይበዛዋል” አለ ልጁ፣ ቀና ሳይል። “እማሆይ ጧፉን ሲሠሩ የተረፈውን በወረቀት ነው የሚያስጠጡት። አንድ ሌሊት ጋዜጣ ላይ ይደር።” ትንሽ ቆየና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ሲጠርጉ ደግሞ... አይጫኑት፣ አባባ። እሱ ራሱ ይነካዋል” አለ።

አባት የሚመልሰው ነገር ፈለገ። ከአፉ የወጣው፣ “እሺ” ብቻ ነው። እማሆይ ሰሙን ከእሳት አወረዱ።

ማራገፊያው ያን ሌሊት የልጁ አልጋ አጠገብ፣ አሮጌ ጋዜጣ ላይ አደረ፤ በአባቱ ቤት። ጠዋት ጋዜጣው ላይ የክሮቹ ቅርጽ በሰም ታትሞ ተገኘ።

አባት እንደ ልማዱ ጎህ ሳይቀድ ነቃ። ደጁን ሲከፍት ልጁ ቀድሞት ወጥቶ የቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል፤ ማራገፊያው በላስቲኩ ውስጥ ጉልበቱ ላይ ነው። መኪናዋ ከፊቱ ቆማለች። ኮፈኑ ላይ ጤዛው ጥቅጥቅ ብሎ ይታያል፤ የትናንቱ አቧራ ከሥሩ ነው።

“ምን ትጠብቃለህ?” አለው አባት፤ የለመደው ቁጣ እስከ ጉሮሮው መጥቶ።

“ጤዛው አልደረቀም።”

አባት እጁ ቦዘነበት። ሰው ሠላሳ ዓመት በዚህ ሰዓት ሲሠራ የኖረበትን እጅ የት ያደርገዋል? ቆየና ልጁ አጠገብ ተቀመጠ። ፀሐይ ገና ከጎንደር በኩል ልትወጣ ነው። ከቆላ የሚመጣ የጭነት መኪና ማርሹን እየቀየረ ዳገቱን ሲወጣ ይሰማል። ብርሃኑ መጀመሪያ የመኪናዋን ጣሪያ፣ ከዚያ ኮፈኑን ነካ፤ ክብ ክብ ጭረቶቹ ሁሉ አንድ በአንድ ተለይተው ወጡ። ሽማግሌው አልፍቃቸውም ብለዋል፤ እዚያው ናቸው። አባት አያቸው። ልጁ ደግሞ ዓይኑን አጨንቁሮ ወደዚያው ያያል።

“ታየህ?” አለ አባት ቀስ ብሎ። “እኔ ነኝ የሠራሁት።”

ልጁ አልመለሰም። ጤዛው ከጣሪያው ጠርዝ መትነን ጀምሯል፤ ከኮፈኑ ላይ ግን ገና ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አባት ዝምታውን በአንድ ነገር ይሞላው ነበር። አሁን መዳፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። ብዙ ቆዩ።

“አይታየኝም” አለ ልጁ።

“ምኑ?”

“ጭረቱ። ከዚህ ሆኜ አይታየኝም።” ማራገፊያውን ከአንዱ ጉልበቱ ወደ ሌላው አዛወረ። “ሰሌዳውም አይታየኝም፣ አባባ። ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ አይታየኝም።”

አባት ፊቱን አላዞረም። ፀሐይዋ ኮፈኑን ሞላችው፤ ጤዛው ከመካከሉ እየሰሳ፣ እየሰሳ ወደ ጠርዙ ይሸሻል።

“ንገረኝ” አለ።